ከፍላ የተቆለፈባት ባለ ጥልፍ

እታለም በዚህ ዓለም የምትቀናው በአንድ ሰው ብቻ ነው። በጎረቤቷ ፎቅ አትቀናም፤ በሰው መኪና አትቀናም፤ ልጇን ድራ የልጅ ልጅ ባቀፈች ጓደኛዋ እንኳ "እሰይ፣ ደስ ይበልሽ" ብላ ከልቧ ታልፋለች። የምትቀናው በእናቷ ልጅ፣ በታናሽ እህቷ በሚጡ ነው። ይህንንም ስሜቷን በስሙ ጠርታው አታውቅም። አንዳንዴ "ድካም ነው" ትላለች፣ አንዳንዴ "ንዴት ነው" ትላለች፣ ሲጠናባት ደግሞ "ጨጓራዬ ተነሳብኝ" ብላ ውሃ ትጠጣለች። እኛ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ስለምናውቃት ሳንሸፋፍን ቅናት እንለዋለን።

ነገሩ ከመጠሪያቸው ይጀምራል። ታናሽየዋ እንደ ተወለደች ቤተሰቡ ሁሉ "ሚጡ፣ ሚጡ" አላት፤ ዛሬም የጎረምሶች እናት ሆና፣ ሽበቷን በቀለም እየሸፈነች ሚጡ ናት። ትልቋ ግን የወተት ጥርሷ ሳይነቀል "እታለም" ተባለች። ሚጡ እንድትጠራት የወጣ መጠሪያ ነበር፤ ሆኖም አባትም፣ እናትም፣ ጎረቤትም ያንኑ ያዙና በዚያው ቀረ። የገዛ እናቷ እንደ ታላቅ እህት የምትጠራት ልጅ መቼ ልጅ ሆና ታውቃለች? እሷ ወንበር ላይ ቆማ ሳህን ታጥባለች፣ ሚጡ ጠረጴዛ ሥር ቁጭ ብላ ትዘፍናለች። እንግዳ ሲመጣ የሚደነቀው ታዲያ ያው ዘፈኑ ነበር።

አድገውም ያው ነው። እታለም ተሰልፋ፣ ተራዋን ጠብቃ፣ ከፍላ፣ ደረሰኝ ተቀብላ የምታገኘውን ነገር ሚጡ ከፊት ከቆመው ሰው ጋር ወሬ ጀምራ ታገኘዋለች። እታለም ቲኬት ቆርጣ አውቶቡስ ውስጥ ስትቆም ሚጡ ሳትቆርጥ ትቀመጣለች፤ ቲኬት ቆራጩም ሲደርስባት በምትነግረው ቀልድ እየሳቀ ያልፋታል። እታለምን የሚያንገበግባት የሚጡ ማጭበርበር እንዳይመስላችሁ። የሚያንገበግባት ሚጡ አንድ ቀን እንኳ ተይዛ አለማወቋ ነው።

የእታለም ሙያ ጥልፍ ነው። ሱቋ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በፎቶ ኮፒ ቤትና በጫማ ጠጋኝ መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። ግማሹን ቦታ ባለ ብዙ መርፌው የጥልፍ መኪና ይዞታል። ግድግዳው ላይ የክር ጥቅልሎች በየቀለማቸው ተደርድረዋል። ጥግ ላይ ኮምፒውተሯ አለ፤ አቧራ እንዳይገባው ማታ ማታ የትራስ ልብስ ታለብሰዋለች። እናቷ በሩ አጠገብ ተቀምጣ፣ ከመኪናው የወጣውን ጥልፍ እየገለበጠች ትርፍራፊ ክሩን ትቆርጣለች። ዓይኗ ደከም ቢልም መቀሷ አይስትም።

የሚጡ ሱቅ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊት ነው። ሚጡ ሥራውን የለመደችው እታለም ዘንድ ተቀጥራ ነበር፤ እጇ ሲፍታታ ወጣችና ማዶ ከፈተች።

"ሌላ ሰፈር ጠፍቶ ነው?" አለቻት እታለም ያኔ።

"አንቺ ደግሞ! አንቺን እያየሁ ልሥራ ብዬ ነው እንጂ" አለችና ጉንጯን ሳመቻት።

ከዚያን ቀን ወዲህ እታለም መርፌ ስትቀይርም፣ ክር ስታስገባም ዓይኗ መስታወቱን አልፎ ማዶ ነው። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ሳቀ፣ ሁሉንም ትይዛለች። በሚጡ ሱቅ ደግሞ የሚሳቅ ነገር አይጠፋም።

የጥልፍ መኪና ለብቻው ምንም አያውቅም። መርፌው የት እንደሚወጋ፣ የት እንደሚዞር፣ ክሩ መቼ እንደሚቀየር የሚያዘጋጅለት ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ፕሮግራም ያስፈልገዋል። እታለም ይህን ፕሮግራም ከራሱ ከአምራቹ ድርጅት ገዛች። ስንት ነገር ትታ፣ ስንት ነገር አሳድራ ነው የገዛችው። ድርጅቱ ግን ገንዘቧን ከተቀበለ በኋላ እንደ ሌባ ይጠብቃት ጀመር። ከፕሮግራሙ ጋር ጣት የምታህል ቁልፍ ላከላት፤ እሷ ኮምፒውተሩ ላይ ካልተሰካች አይከፈትም። ከተሰካችም በኋላ ፕሮግራሙ በኢንተርኔት ወደ ድርጅቱ ይልክና "ይህች ሴትዮ እውነት ገዝታለች ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። ኢንተርኔት የለም? እንግዲያው ሥራም የለም። ለብቻቸው ከፍላ የገዛቻቸው የጽጌረዳና የወፍ ጥልፍ ምስሎችም በእሷ ኮምፒውተር ላይ እንጂ ሌላ ቦታ አይከፈቱም። እታለም ይህን ሁሉ ተቀበለችው። ሕግ ነው አለች፤ ሕግ ደግሞ የከፈለ ሰው ወዳጅ ይመስላት ነበር።

ሚጡ ቁልፍም የላት፣ ፈቃድም የላት። ብሎን የሚሉት ኮምፒውተር ጠጋኝ መቆለፊያው የተሰበረ ቅጂ ጭኖላታል፤ ከየት እንዳመጣው እታለም ጠይቃ አታውቅም። የሚጡ ፕሮግራም ሚጡ ወንበሯ ላይ ሳትደላደል ይከፈታል። መብራት ጠፍቶ መጣ፣ ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ፣ ጉዳዩ አይደለም።

"እታለም፣ ዛሬም ፈቃድ እየጠበቅሽ ነው?" ትላታለች አንዳንድ ጠዋት የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ ብቅ እያለች።

"የኔ ሕጋዊ ነው።"

"እሱንማ አውቃለሁ። እኔ ሕገወጧ ግን የጠዋቱን ሥራ ጨርሼ ሻይ ልጠጣ መጣሁ።"

እናታቸው ትስቃለች። እታለም የኮምፒውተሩን መዳፊት አጥብቃ ትይዛለች።

ይሁንና እታለም እህቷን የምትበልጥበት አንድ ነገር ነበራት። የነርሶች ማሠልጠኛው በየዓመቱ የሚያስመርቃቸውን ልጆች ነጭ ጋዋን የሚያስጠልፈው እሷ ዘንድ ነው። እያንዳንዱ ጋዋን ደረቱ ላይ የባለቤቱ ስም ይጠለፍበታል። እታለም ስሙን ሁሉ መጀመሪያ ብጣሽ ጨርቅ ላይ ትሞክረዋለች፤ ፊደሉ ከተጣመመ ታፈርሰዋለች፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ጋዋኑን ፍሬም ላይ ትወጥራለች። ሚጡ እንዲህ አትለፋም። እንዲያውም አንዴ የአንድ ሙሽራ ስም አጣማ ጠልፋ፣ ሙሽራው ራሱ "እንዲህማ ይበልጥ ያምራል" ብሎ ተቀብሏታል። የማሠልጠኛው ግምጃ ቤት ኃላፊ ግን ቀልድ አያውቅም። ጋዋኖቹን ተቀብሎ፣ አንድ በአንድ መነጽሩ ሥር አድርጎ አይቶ፣ "የናንተን እጅ ነው የምናምነው" ይላል። ያች ቃል ለእታለም የዓመት ስንቅ ነበረች። ያ ሥራ አንድ ቀን መንገዱን ተሻግሮ ማዶ ከሄደ ምን እንደሚቀራት አታውቅም።

ዘንድሮም ጋዋኖቹ ታስረው መጡ። እታለም የመጀመሪያዎቹን ስሞች እያዘጋጀች ሳለ ኮምፒውተሩ ጢስ ጢስ ሸተተና ድርግም አለ። ብሎን ተጠራ። ክዳኑን ፈታ፣ ነካካ፣ ምላሱን ጠቅ ጠቅ አደረገ።

"ማዘርቦርዱ ነው የተቃጠለው፣ እትዬ፤ ልቡ ማለት ነው። እቀይርልዎታለሁ።"

ቀየረላት። ኮምፒውተሩ ተነሳ፣ ዶሴዎቿ ሁሉ በየቦታቸው አሉ። እታለም ቁልፏን ሰክታ ፕሮግራሙን ስትከፍተው ግን ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣ፦ ይህ ኮምፒውተር አልተፈቀደለትም፤ ለእርስዎ የተፈቀዱት ኮምፒውተሮች ተሟልተዋል።

"ኮምፒውተሩ እኮ ያው ነው!" አለች እታለም።

"ለእርስዎ ያው ነው። ለእሱ ግን ልቡን የቀየረ ሰው ሆኖበት አላውቀውም እያለ ነው" አለ ብሎን። ጭንቅላቱን አከክ አከክ አደረገና፣ "እኔ ልክፈትልዎት? ሻይ ሳይፈላ ነው የምጨርሰው" አላት።

"የገዛሁትን ነገር አልሰርቅም!"

ብሎን ትከሻውን ነቅንቆ መፍቻውን ሰበሰበ። እታለም ወደ ድርጅቱ ስልክ ደወለች። ሙዚቃ ሰማች፤ "ስለታገሡን እናመሰግናለን" ሲባል ሰማች፤ እንደገና ሙዚቃ ሰማች። ሳትታገሥ መመስገኗ አናደዳት። በመጨረሻ ድምፁ እንደ ማር የሚጣፍጥ አንድ ወጣት አነሳው።

"ችግር የለውም እመቤት። በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራሙን ይክፈቱና 'ፈቃዱን መልስ' የሚለውን ይጫኑ።"

"አሮጌው እኮ ተቃጥሏል፣ የኔ ልጅ።"

"ይገባኛል። ነገር ግን ፈቃዱ የሚመለሰው ከእሱ ብቻ ነው።"

"የሞተ ሰው ተነስቶ ይፈርምልኝ ነው የምትለኝ?"

ወጣቱ ጥያቄዋን ለሚመለከተው ክፍል እንደሚያስተላልፍ፣ በትዕግሥት እንድትጠብቅ ነገራት። እታለም ስልኩን ዘግታ ጋዋኖቹን አየቻቸው። ጥግ ላይ እንደ ታሰሩ ተከምረዋል፤ አንዱም ስም የለውም።

"ሚጡ ጋ ውሰጃቸውና ትሥራልሽ" አለች እናቷ ከመቀሷ ቀና ሳትል።

"አይሆንም።"

"እህትሽ እኮ ናት፣ ጠላትሽ አይደለችም። ደግሞ እሷ እጇ ፈጣን ነው።"

ከሁሉም ነገር ይህች የመጨረሻዋ ቃል ሄዳ እታለም ሆድ ውስጥ ተቀመጠች። እጇ ፈጣን ነው! ፕሮግራም ሳይጠይቃት፣ ድርጅት ሳያስጠብቃት፣ የማን እጅ አይፈጥንም? እታለም ይህን ለእናቷ ልትናገር አፏን ከፈተችና ተወችው። እናትየዋ ስለ ፈቃድና ስለ ቁልፍ የምታውቀው ነገር የለም፤ የምታውቀው ማዶ ሥራ እንደሚሠራ፣ እዚህ ደግሞ እንደቆመ ነው።

ድርጅቱ ሳይመልስላት ውሎ አደረ። በነጋታው ግምጃ ቤት ኃላፊው ራሱ መጣ። የታሰሩትን ጋዋኖች በእግሩ ነካ አድርጎ አየ።

"ምረቃው ቅዳሜ ነው።"

"ይደርሳል፣ ጋሼ። ትንሽ የኮምፒውተር ችግር ገጥሞን ነው።"

"አንድ ቀን እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ቦታ መውሰዴ ነው፤ አይፍረዱብኝ።"

ወጥቶ ሄደ። እታለም በመስታወቱ ተከተለችው። ሰውየው መንገዱ ዳር ቆመ፣ ግራ ቀኝ አየ፣ ተሻገረ፣ ቀጥ ብሎ ሚጡ ሱቅ ገባ። ሚጡ ተነስታ ወንበሯን ለቀቀችለት። አንድ ነገር አለችው፤ ያ በስንት ዓመት አንዴ እንኳ ጥርሱን ለእታለም አሳይቶ የማያውቅ ሰው ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ሳቀ። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እስኪጠርግ ሳቀ። እታለም ቆማ አየች። እጇ ላይ የነበረው የክር ጥቅልል ወርዶ እየተተረተረ እናቷ እግር ሥር ድረስ ተንከባለለ። ያን ጊዜ ጨጓራ አላለችውም። ቀናሁ አለች ለራሷ፤ ቀንቼ ልሞት ነው።

ስልኩን አንስታ ደወለች። ሙዚቃው አለቀና ያው ባለ ማር ድምፅ ወጣት መጣ። ጥያቄዋ ገና እየታየ እንደሆነ ነገራት። ከዚያም ለሁሉም ደንበኛ የሚለውን ነገር እንደ ልማዱ አወረደው፤

"ስልኩን ከመዝጋትዎ በፊት፣ በአካባቢዎ ያልተፈቀደ ቅጂ የሚጠቀም ሰው የሚያውቁ ከሆነ ሊጠቁሙን ይችላሉ። ማንነትዎ በምስጢር ይያዛል።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን "አላውቅም" ብላ ትዘጋው ነበር። ማዶ ግን ሰውየው አሁንም እየሳቀ ነው።

"አውቃለሁ" አለች እታለም።

ነገረችው። ሱቁን ነገረችው፣ ጠጋኙን ነገረችው፤ እህቴ ናት ማለቱን ብቻ አስቀረችው። ተናግራ ስትጨርስ ጠባብ ጫማ እንዳወለቀ ሰው ቀለል አላት። ወጣቱ አመሰገናትና፣ ጥቆማው እንዲጣራ በዚያ ቅጂ የተሠራ አንድ የጥልፍ ፋይል ብትልክ ጥሩ እንደሆነ ነገራት።

ግምጃ ቤት ኃላፊው እስኪሄድ ጠብቃ መንገዱን ተሻገረች። ሚጡ እንዳየቻት ከወንበሯ ብድግ አለች።

"እንኳን መጣሽ! አሁን ልመጣ ነበር። ያ ቆዳ ፊት ሰውዬሽ መጥቶ ነበር እኮ። ጋዋኖቹ ነገ ካልደረሱ አንቺ ሥሪልኝ አለኝ።"

"እና ምን አልሽው?"

"ምን እለዋለሁ? 'የእህቴን ሥራ እሷ ሳትልከኝ ብነካ እጄ ይድረቅ' አልኩት። ሳቀ። ምን የሚያስቅ ነገር እንዳለው እንጃ።"

እንግዲህ ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ልቡ ይራራ ነበር። እታለም ግን ባሰባት። ሚጡ ሥራውን ወስዳባት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ሌባ ብላ ታርፍ ነበር። አሁን ግን ያ የራሷ የነበረ ነገር የሷ ሆኖ የቀረው ሚጡ ስለተወችላት ሆነ። ደግነቱንም እንደ ሌላው ነገር ሁሉ ሳትለፋ፣ እየሳቀች፣ ከአፏ አውጥታ ሰጠቻት። ይህን እንዴት አድርገው ይችሉታል?

"አንድ ጽጌረዳ ፈልጌ ነበር" አለች እታለም፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። "ለአንድ ደንበኛ። አንቺ የሠራሽው ያ ባለ ሁለት ቅጠሉ።"

"አንድ ብቻ? ሁሉንም ውሰጂ!" ሚጡ ፍላሽ ሰክታ ጽጌረዳውንም፣ ወፉንም፣ ያልተጠየቀችውንም ሁሉ ገለበጠችላት። ስትወጣም ብርቱካን ልጣ በእጇ አስያዘቻት።

እታለም ብርቱካኑን ለእናቷ ሰጥታ፣ ጽጌረዳዋን ለድርጅቱ ላከች።

በነጋታው ጠዋት ስልኳ ጮኸ። ዛሬ ድርጅቱ ነው ራሱ የደወለው። እታለም ልቧ ዘለለ።

"እመቤት፣ ፈቃድዎን ለማደስ ያቀረቡት ጥያቄ ትናንት ማታ ጸድቆ ነበር" አለ ወጣቱ።

"ተመስገን! ተመስገን፣ የኔ ልጅ!"

"ነበር ነው ያልኩዎት። የላኩልን ፋይል ከዚያ በኋላ ተመረመረ። በፕሮግራማችን የሚሠራ ጥልፍ ሁሉ በውስጡ የገዢው መለያ ቁጥር ይታተምበታል፤ በዓይን አይታይም። በዚያ ጽጌረዳ ውስጥ ያለው ቁጥር የእርስዎ ነው።"

እታለም ገና አልገባትም። "እኔ አልሠራሁትም እኮ። እኔ እኮ ነኝ የጠቆምኩት!"

"ስለዚህ ፕሮግራሙ የተቀዳው ከእርስዎ ነው ማለት ነው። ውሉ ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠትን ይከለክላል። ፈቃድዎ ከዛሬ ጀምሮ በቋሚነት ተሰርዟል፤ የገዟቸውም ምስሎች አብረው።"

"እሷስ? የሷስ ተዘጋ?"

"የተሰበረ ቅጂ ከእኛ ጋር አይገናኝም፣ እመቤት። እኛ ልንዘጋ የምንችለው የከፈለ ሰው ያለውን ብቻ ነው።"

እታለም ስልኩን አስቀመጠች። ማዶ የሚጡ መኪና ሲንጣጣ ይሰማል። እናቷ "ምን አሉሽ?" ብትላት "ከነጭራሹ ዘጉብኝ" ብቻ አለቻት። አንድ ጋዋን አንስታ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ በእጇ እያለሰለሰች ተቀመጠች። በእጅ ልትጠልፈው አሰበች መሰለኝ፤ ቅዳሜ ግን ደርሷል። እናትየዋ ፊቷን አየች፣ መቀሷን አስቀመጠች፣ ዱላዋን አንስታ ብቻዋን መንገዱን ተሻገረች።

ሚጡ የመጣችው ብሎንን ከነመፍቻው እየጎተተች ነው።

"ተነሺ ከወንበሩ!" አለች ገና ከበሩ። "ከፍለሽ! አንድ ቀን እንኳ ሳታጭበረብሪ! እንዲህ ያደርጉሻል? ምን አድርገሽ ነው አሉሽ?"

"እንጃ" አለች እታለም።

"እንጃ! ይሄ ድርጅት ነው? ይሄ ወሮበላ ነው እንጂ! ብሎን፣ ጫንላት።"

እታለም የገዛችውን እንደማትሰርቅ ልትናገር ፈለገች፤ አቅም አጣች። ብሎን ፍላሹን ሰክቶ ነካካ ነካካና ወንበሩን ለቀቀላት። እታለም እንደ ልማዷ ቁልፏን ልትሰካ እጇን ሰደደች።

"ይተዉት፣ እትዬ፣ አያስፈልገውም" አላት።

ጠቅ አደረገችው። ተከፈተ። ማን ነሽ አላላትም፤ የትም ልኮ አልጠየቀባትም። ጽጌረዳዎቿና ወፎቿ፣ ከፍላ የገዛቻቸው ሁሉ፣ ብሎን ባመጣው ቅጂ ውስጥ እሷ በሰጠቻቸው ቅደም ተከተል ተደርድረው ወጡ። ሚጡ የእህቷን ዓይን ተከትላ አየችና ፊቷ ቀላ።

"እታለም፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ትቆጪኛለሽ" አለች። "ይሄ ያንቺው ነው። አንቺ ጋ እሠራ በነበረ ጊዜ፣ ምሳ ልትበዪ ስትወጪ ለብሎን ከፍቼለት አስቀዳሁት። ብጠይቅሽ እምቢ ትዪኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ስንቴ ልነግርሽ መጥቼ ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ መሰለሽ።" ድምፅዋ ተቆረጠ፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እታለም አንገት ላይ ተጠመጠመችባት። "ካንቺ ነው የሰረቅኩት፣ እህቴ። ይቅር በይኝ።"

አልቅሳ አልቅሳ ቀና ስትል ፊቷን የጠረገችው በአንዱ ጋዋን እጅጌ ነበር። አየችው፣ "ውይ፣ ነርሷ ልትሞት ነው!" አለችና ሳቀች። አለቀ። እንዲህ ነው የሚያልቅላት። ያን ሁሉ ዓመት የተሸከመችውን አውርዳ እየሳቀች ነው።

"እኔም..." አለች እታለም።

"አንቺም ምን?"

ጥቆማው፣ ጽጌረዳው፣ ብርቱካኑ፣ ሁሉም ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። ሚጡ እጇን ይዛታለች። እናቷ ከበሩ አጠገብ ዱላዋን ተደግፋ ታያታለች። ብሎን እንኳ ቆሞ ይጠብቃል።

"እኔም ገምቼ ነበር" አለች እታለም።

ሚጡ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "አውቀሽ ነው? አውቀሽ ነው ይሄን ሁሉ ጊዜ ዝም ያልሽኝ? እማዬ፣ ሰማሽልኝ? እንደሰረቅኳት እያወቀች፣ ጠዋት ጠዋት ስቀልድባት፣ አንድ ቀን እንኳ አላነሳችብኝም!"

እናትየዋ ቀስ ብላ መጣችና እታለምን ትከሻዋ ላይ ያዘቻት። "ከሁለታችሁ ሆደ ሰፊዋ እሷ ናት" አለች። "እንዳንቺ ያለ ልጅ አይገኝም።"

እታለም ይህችን ቃል ከእናቷ አፍ ለመስማት ዕድሜዋን ሙሉ ጠብቃለች። ሳህን አጥባባታለች፣ ተሰልፋባታለች፣ ከፍላባታለች፤ አላገኘቻትም። አሁን ሳትከፍልባት መጣችላት። ሚጡ ብትሆን እንዲህ ያለ የማይገባትን ምስጋና እየሳቀች ተቀብላ፣ ጉንጭ ስማ፣ በሁለተኛው ቀን ትረሳዋለች። እታለም ግን እንዲህ መቀበል አታውቅበትም። ሊውጡትም ሊተፉትም የማይሆን ነገር ነበር።

"በይ ሥሪ፣ ሰውዬሽ እንዳይመጣብን። ግማሹን እኔ ልወጥርልሽ" አለች ሚጡ። አንዱን ጋዋን ፍሬሙ ላይ እየወጠረች፣ ገና ዓይኗ ሳይደርቅ፣ ማንጎራጎር ጀመረች። ያች ሰርቃ የኖረች፣ ምንም ያልቀረባት ሴት፣ ደረቷ ቀሎላት ታንጎራጉራለች። እታለም አየቻት፤ ከመቼውም ይልቅ ቀናችባት። ከዚያም ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረችና የመጀመሪያዋን ነርስ ስም ጻፈች።